የኅዳር ሚካኤል ክምር

ኅዳር ከገባ ጀምሮ ሸጋው ከእንቅልፉ ሲነቃ የመጀመሪያ ሥራው ከደጅ ወጥቶ ሣር መዳሰስ ነበር። ፊቱን ሳይታጠብ፣ ጋቢውን በወጉ ሳይደርብ፣ ቁጢጥ ብሎ በመዳፉ ሣሩን ይደባብሳል። ውርጩ ሲቆረጥመው "ተመስገን" ይልና እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ይመለሳል። ውርጭ ነክሶት የሚያመሰግን ሰው ከደባርቅ እስከ ቡይት ራስ ቢፈለግ ከእሱ ሌላ አይገኝም። እሱ ግን ምክንያት አለው። በኅዳር ውርጭ ካደረ ሰማዩ ጥርት ብሎ አድሯል ማለት ነው፤ ሰማዩ ከጠራ ታጭዶ ሜዳ ላይ የተኛው ገብስ ደህና ነው፤ ገብሱ ደህና ከሆነ ሸጋው ቁርሱን ይበላል።

በዘጠና ዓመተ ምሕረት፣ የሚካኤል ንግሥ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ውርጩ ቀረ።

የመጀመሪያው ቀን ሣሩ ደረቅ ነበር። በማግስቱ ለብ ያለ መሰለው። በሦስተኛው ቀን ከገደሉ ሥር፣ ከቆላው በኩል፣ ሞቅ ያለ ነፋስ ሽቅብ መጥቶ ፊቱን ዳሰሰው። ያን ጊዜ ገብቶ መደቡ ላይ ቁጭ አለ።

ሚስቱ ስመኝ እሳት እያነደደች ዘወር ብላ አየችው።

"ምነው፣ ዛሬም አልነከሰህም?"

"አልነከሰኝም።"

"እንግዲያው እኔ ልንከስህና ቁርስህን ብላ።"

አልሳቀም። ስመኝም ሳቋን ዋጥ አደረገች። ይህን ያህል ዓመት አብራው ስትኖር የባሏ ጭንቀት ሁለት ዓይነት መሆኑን ለይታ አውቃለች። አንደኛው በአፉ የሚወጣ ነው፤ ሲያወራው ይበርድለታል። ሁለተኛው ዝም የሚያሰኘው ነው፤ እሱን አትቀልድበትም።

ሸጋው ከማሪ ነው። በዚያ አገር ገብስ ሁሉም ያጭዳል፣ ሁሉም ይወቃል፤ መከመር ግን እጅ ይጠይቃል። ነዶው ራሱን ወደ ውስጥ፣ እግሩን ወደ ውጭና ወደ ታች አዘንብሎ ካልተደረደረ፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃው በጎን መፍሰሱ ቀርቶ ወደ ክምሩ ሆድ ይገባል፤ እህሉም እዚያው በተከመረበት ይበቅላል። ሸጋው የከመረው ግን ጓሳ ሣር ለብሶ ቁንጮው ከታሰረ በኋላ እስከ ጥር ቢቆምም ውስጡ ደረቅ ነው። ስለዚህ በመኸር ጊዜ ይፈለጋል፣ ይለመናል፣ ጠላ ይቀዳለታል። መኸሩ ሲያልፍ ደግሞ ይረሳል፤ እሱም በዚህ ቅር ብሎት አያውቅም።

ክምር የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ከላይ ሆኖ ይደረድራል፣ ሌላው ከታች ነዶ ያቀብላል። ክምሩ ከሰው ቁመት ካለፈ ወዲያ ያለ አቀባይ አንዲት ነዶ ለመጨመር ወርዶ መውጣት ነው። የሸጋው አቀባይ ከልጅነቱ ጀምሮ ጎረቤቱ መንግስቴ ነበር። ሲሠሩ አይነጋገሩም ነበር፤ ሸጋው እጁን ሲዘረጋ ነዶው መጥቷል። የመንግስቴን የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ያነሳው ሸጋው ስለሆነም አበልጆች ናቸው። ነበሩ ማለት ሳይሻል አይቀርም።

ነገሩ የተበላሸው በሰማንያ ሰባት ነው። እንዲሁ በኅዳር መግቢያ ሰማዩ ክፉኛ ጠቆረ፤ ሸጋው ፈራና "በረዶ ሊመጣ ነው፣ ያላችሁን እጨዱ" እያለ መንደሩን ዞረ። ብዙው ሰው "እስቲ እናያለን" ብሎ ዘገየ። መንግስቴ ግን ገብሱ ገና አልደረሰም ነበርና ማረጋገጫ ፈለገ። "እውን ይመጣል?" ብሎ ጠየቀው። "ሚካኤልን፣ ይመጣል" ብሎ ማለለት። መንግስቴም አበልጁን ከማመን ሌላ አያውቅምና ወገቡ አረንጓዴ የሆነውን ገብስ ከነቤተሰቡ አጨደው። ደመናው በማግስቱ ወደ ዳባት ተንሸራቶ ጠፋ፤ ዳባትም ላይ አልዘነበም። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ያ ገብስ ሲወቃ ፍሬው ጨምድዶ ከገለባው ጋር በነፋስ የሚሄድ ሆነ። ልጆቹን የሚያበላው ያጣው መንግስቴ ለቀን ሥራ ሁመራ ወረደ። ሲመለስ ወባ ይዞ ተመለሰ። ትከሻው የሰፋ፣ ሁለት ነዶ ባንድ እጁ የሚወረውር ሰው ሄዶ፣ ጋቢ የተሸከመ እንጨት መጣ። ከዚያ ወዲህ ብርድ በገባ ቁጥር ያንቀጠቅጠዋል።

አንድም ቀን "አንተ ነህ እንዲህ ያደረግኸኝ" ብሎት አያውቅም። ቢለው ይሻል ነበር። ሰላምታ ብቻ ነው የነፈገው፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል። መንደሩ ደግሞ ሸጋውን በራሱ መንገድ ቀጣው፤ "አቶ ደመና" ብሎ ስም አወጣለት። ለቅሶ ቤት ሳይቀር "አቶ ደመና፣ ዛሬ ጋቢ እንደርብ ወይስ ይቅርብን?" የሚሉት አሉ። ሸጋው ከዚያ ወዲህ ሰማይ ማየቱን አልተወም፤ ያየውን መናገር ግን ተወ።

እንግዲህ ውርጩ የቀረበት ይህ ሰው ነው።

ሬዲዮ አለው። ባትሪው ሲደክምበት ፀሐይ ላይ እያሞቀ የሚከፍተው ለዜናው ሳይሆን ከዜናው በኋላ ለሚመጣው የአየር ሁኔታ ነው። በዋዜማው ጠዋት ሬዲዮው "በሰሜን ምዕራብ የአገራችን ከፍተኛ ቦታዎች ከወቅቱ ውጭ የሆነ ዝናብ ሊኖር ይችላል" አለ። ሸጋው በዚህች "ሊኖር ይችላል" በምትባል ነገር ተናደደ።

"ሊኖር ይችላል ምን ማለት ነው? ይህማ ለእኔስ መቼ አቃተኝ" አለና ዘጋው። ትንሽ ቆይቶ የሬዲዮው ሰውዬ ሐሳቡን ቀይሮ እንደሆነ ብሎ እንደገና ከፈተው፤ ሰውየው ግን ወደ ስፖርት አልፏል።

ወደ ገደሉ አፋፍ ሄዶ አየ። ሣር ሲነጩ የሚውሉት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ወደ ገደሉ መውረድ ጀምረዋል። ቧሂት ተራራ አናቱ ላይ ነጭ ነገር ጠምጥሟል። ውርጩ ቀርቷል፣ ነፋሱ ከቆላ ነው፣ ጭላዳው ቀድሞ ወርዷል፤ አባቱ ቢኖሩ ኖሮ "ምን ትጠብቃለህ?" ይሉት ነበር። ግን በሰማንያ ሰባትም ጭላዳው ቀድሞ ወርዶ ነበር። ይህን ሲያስታውስ ከአፋፉ ተመለሰ።

ሌላም ሥጋት አለ። ነዶ በደንብ ሳይደርቅ ከተከመረ ውስጥ ለውስጥ ይግላል፣ ይሻግታል፤ ዝናብ ሳይነካው ባለቤቱ ራሱ ያበላሸዋል ማለት ነው። መንደሩ ነዶውን ሜዳ ላይ ያቆየው ስንፍና ይዞት አይደለም፤ እንዲደርቅ ነው። በዓሉን አክብሮ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ ከሚካኤል ማግስት ጀምሮ ሊከምር ነው ሐሳቡ። ቢከመርም ጉድ፣ ቢቀርም ጉድ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ሸጋው የራሱን ከመረ። ስመኝ እያቀበለችው፣ በየደርቡ መሐል ደረቅ የአስታ ጭራሮ እየጎዘጎዘ፣ አየር እንዲያገኝ ሆዱን ሳሳ አድርጎ ከመረው። በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቆም እያለ ያየዋል። የመንደሩ ሁለተኛ ከማሪ የሆነው ያርጋል ሳቅ አለ።

"አቶ ደመና፣ ታቦቱ እስኪነግሥ እንኳ አላስችል አለህ?"

"ለራሴ ነው" አለ ሸጋው ከላይ ሆኖ።

"ለራስህ ከሆነ ይሁና" ብሎ ያርጋል ሄደ።

ከክምሩ አናት ላይ ሆኖ ሲያይ የመንግስቴ አውድማ ከታች ወለል ብሎ ይታያል። ገብሱ ዘንድሮ ያማረ ነው። ነዶው ተሰብስቦ አውድማው ዳር ተደፍቷል፤ ያርጋል ከበዓሉ በኋላ መጥቶ ሊከምርለት ቃል ገብቷል። እንዲሁ ተደፍቶ ዝናብ ካገኘው አንዲት ነዶ አትተርፍም።

ስመኝን ላካት። ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ሚስቱ ወደ ሰብሌ፤ የሴት ነገር አስመስላ እንድትነግራት። ስመኝ ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም።

"ምን አለች?"

"ለመንግስቴ ነገረችው። ተኝቶ እየተንቀጠቀጠ ነው። 'ያኔም እንዲሁ ነበር ያለኝ' አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።"

"ሌላስ?"

ስመኝ እንዳትነግረው ፈልጋ ነበር፤ ግን ነገረችው። "'ይሄም ገብስ ከጠፋ ሁመራ እወርዳለሁ' ይላል አሉ። ሰብሌ ደግሞ 'በዚህ ሰውነቱ ዳግመኛ ከወረደ እዚያው ይቀራል፣ ሬሳው እንኳ አይመጣልኝም' ብላ አለቀሰች።"

ሸጋው እህል አልቀመሰም። ለዋዜማው ደወል ጥቂት ሲቀረው ተነስቶ ወደ ቄስ ገብረ ክርስቶስ ቤት ሄደ። ቄሱ የአጥቢያው አስተዳዳሪ፣ የእሱም የንስሐ አባት ናቸው። ለማኅሌቱ ሊወጡ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ አገኛቸው።

"ይፍቱኝ፣ አባ።"

"እግዚአብሔር ይፍታህ። ምን ሆነሃል? ፊትህ ጠቁሯል።"

"ነገ በማለዳ፣ ታቦቱ ሳይወጣ፣ ሰዉ ነዶውን እንዲከምር ቢፈቅዱለት ብዬ ነው።"

"በሚካኤል ቀን?"

"በሚካኤል፣ አባ። ዝናብ ይመጣል ብዬ ፈርቻለሁ።"

ቄሱ ጥምጥማቸውን ትተው አዩት። "ለመምጣቱ እርግጠኛ ነህ?"

አዎ ማለት ይችል ነበር። በሰማንያ ሰባት ብሎታል። አፉን ከፈተና የመንግስቴ ጋቢ የለበሰ ትከሻ መጣበት።

"አይደለሁም" አለ።

"እርግጠኛ ባልሆንክበት ነገር አጥቢያውን ሙሉ በዓል ላስሽር? ነገ ነዶ ተነክቶ በረዶ ቢወርድ ሰው ምን እንደሚል አንተም ታውቃለህ፣ ልጄ።"

ያውቃል። በዚያ አገር በረዶ በእህል ላይ ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠየቀው የማን እህል ጠፋ አይደለም፤ በዓል የሻረ ማነው ነው። ሸጋውም ይህንኑ እየሰማ ያደገ፣ ይህንኑ የሚያምን ሰው ነው። መስቀል ተሳልሞ ወጣ።

በበዓሉ ጠዋት ሰማዩ ከመንደሩ በላይ ጥርት ያለ ነበር። ሰው ነጭ ለብሶ ከየአቅጣጫው ወደ ሚካኤል ይጎርፋል፤ ያርጋልም በአጠገቡ ሲያልፍ ወደ ሰማይ ጠቁሞ ጠቀሰው። ሸጋው የአፍረትና የደስታ ስሜት ባንድ ላይ ተሰማው፤ ምነው ተሳስቼ በሆነ ብሎ ከልቡ ተመኘ። ይህ ምኞቱ ግን ቅዳሴው እስኪያልቅ አልቆየለትም። ከበሮው ሲመታ፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ታቦቱ በሚወጣበት በር ላይ ሲተክል እሱ ወደ ኋላው ዞረ። ቧሂት የለም። ቧሂት በነበረበት ቦታ ሥሩ የጠቆረ፣ ጫፉ የደፈረሰ ደመና ቆሟል፤ ነፋሱም ድንገት ጸጥ ብሏል።

መንግስቴ ከግንቡ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ትኩሳቱ ለቀቅ ቢያደርገው ሰብሌ ደግፋ ይዛው መጥታለች። ሸጋው ሁለት እርምጃ ወደ እሱ ሄደ፤ ምን ሊለው? "ተነስና በዓል እንሻር" ሊለው ነው? ተመለሰ። በሕዝቡ መሐል ሾልኮ ወጣ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ተሳለመ፣ ቁልቁለቱን ያዘ።

መንገዱን ሲጋመስ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየውና እግሩ ቆመ። ዝናቡ ቢቀር፣ በሚካኤል ቀን በከንቱ የሰው እህል የነካ እብድ ይባላል። ዝናቡ ቢመጣ ደግሞ ያመጣው እሱ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ "አቶ ደመና ትክክል ነበር" የምትባል ቃል ሲናፍቅ ኖሮ፣ ዛሬ ትክክል መሆኑ ራሱ ጥፋት የሚሆንበት ቀን መጣ። ፈራ። እውነቱን ለመናገር ከመንደሩ ይልቅ የፈራው ሚካኤልን ነው፤ ስሙን ጠርቶ የማለበት ዕዳ ገና አልተከፈለም፣ አሁን ደግሞ ሌላ ሊጨምር ነው። አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ጥቂት ሄደ። ከዚያ የሰብሌ "ሬሳው እንኳ አይመጣልኝም" ጆሮው ውስጥ ገባ፤ ዞረና ወደ መንግስቴ አውድማ ሮጠ።

ነጠላውን ቁጥቋጦ ላይ ጥሎ ጀመረ። ድንጋዩን ደለደለ፣ ጭራሮ ጎዘጎዘ፣ ነዶውን ራሱን ወደ ውስጥ እግሩን ወደ ውጭ እያደረገ ክቡን አዞረ። እስከ ወገቡ ድረስ እጁ ራሱ ሠራው። እስከ ደረቱ ሲደርስ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ከቁመቱ ሲያልፍ ግን መከራው መጣ፤ ነዶ ታቅፎ መውጣት፣ ደርድሮ መውረድ፣ ሌላ ታቅፎ እንደገና መውጣት። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ጉልበቱ ይጮኻል። ከላይ ከበሮው ይሰማል፣ እልልታው ይሰማል። ከዚያ ሌላ ድምፅ ከገደሉ በኩል አጉረመረመ፤ ከበሮ አልነበረም።

የመጀመሪያዋ የበረዶ ፍሬ ክምሩ ላይ ነጥራ ወደቀች። ሸጋው ቀና አለ። የክምሩ ጎን ቆሟል፤ አናቱ ግን ገና ጎድጓዳ ነው። ቁንጮ ያላገኘ ክምር ከተደፋ ነዶ ይብሳል፤ ውሃውን ሰብስቦ ወደ ሆዱ ያስገባዋል። የቀረውን ነዶ አየ፤ ወርዶ መውጣቱን አሰበ፤ እንደማይደርስ አወቀ። "አንተ ታውቃለህ" አለ፤ ለማን እንደተናገረ ራሱም አልለየም። ለመውረድ እግሩን ሲሰድ በረዶው ባንድ ጊዜ ወረደበት።

ከላይ ታቦቱ በጥድፊያ ገብቶ ሰው ተበትኗል። ሰዉ ጃንጥላውን፣ ነጠላውን በራሱ ላይ ይዞ ወደየቤቱ ይሮጣል። መንግስቴ ግን የሮጠው ወደ አውድማው ነው። አንድ ሁለት ቁርበት ነዶው ላይ ጣል አደርጋለሁ ብሎ መሆን አለበት፤ ምንም እንደማይረባው እያወቀ። መጥቶ ቆመ። ነዶውን ከተወበት አጣው፤ በቦታው ክምር ቆሟል፣ ክምሩ ላይ ደግሞ ራሱ በበረዶ የሚደበደብ ሰው ተንጠልጥሏል።

ተያዩ። በረዶው በመሐላቸው መሬቱን እያነጣ ይወርዳል።  መንግስቴ ጋቢውን ወገቡ ላይ ጠበቅ አድርጎ አሰረ፣ ጎንበስ አለ፣ አንድ ነዶ አነሳ። ሸጋው እጁን ዘረጋ፤ ነዶው መጣ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። የሚቀባበሉት እጆች ግን ምንም አልረሱም። አናቱ ሞላ፣ ሾለ፤ አውድማው ዳር የተቀመጠውን ጓሳ ለበሰ፤ ቁንጮው ታሰረ። በረዶው ወደ ዝናብ ተለወጠ፣ ዝናቡ እንደገና ወደ በረዶ፤ ሁለቱም ነፋሱ በማይመታው በክምሩ ጎን ተሸጉጠው ጠበቁት። መንግስቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከብርዱ ይሁን ከወባው ሸጋው አላወቀም፤ ለመጠየቅም ፈራ።

ያ ዝናብ ባንድ ቀን አላበቃም። ቀን ይዘንባል፣ ማታ ይዘንባል፣ መሐሉ ላይ ፀሐይ ብቅ ብላ ሰው ነዶውን ሊገለብጥ ሲወጣ ጠብቆ ይዘንባል። ቧሂት እስከ ወገቡ ነጣ። ዝናቡ ሲያባራ የመንደሩ ነዶ እያጎነቆለ፣ አረንጓዴ ብቅል እየሆነ ነበር። ሰውም ገና ጭቃው ሳይደርቅ በቤተ ክርስቲያኑ ወይራ ሥር ተሰበሰበ።

የተናገረው ያርጋል ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ከእህሉ የተረፈው ከብት የሚበላው ብቻ ነው። "በሚካኤል ዕለት ነዶ የነካ ሰው አለ" አለ። "ክምሩ ያለው መንግስቴ አውድማ ላይ ነው። የከመረው ማን እንደሆነ ደግሞ መጠየቅ አያሻም። ሂዱና እዩት፤ በዚህ አገር እንዲህ የሚከምር አንድ ሰው ነው።"

ሸጋው ተነሳ። የሚወዱለት እጁ አሳጥቶታል። "እኔ ነኝ" አለ። "መንግስቴ የሚያውቀው ነገር የለም። በእኔ ይሁን።"

ጉምጉምታ ሆነ። አንዱ "ደመና የሚጠራ ሰው አብሮን ይኖራል" ሲል ሸጋው ሰምቶታል፤ ስመኝም ከሴቶቹ መሐል ሰምታዋለች። ያን ጊዜ መንግስቴ ግንቡን ተደግፎ ቆመ።

"ይዋሻል" አለ። ድምፁ ቀጭን ስለነበረ ሰው ዝም አለ። "ያ ክምር ቁንጮ አለው። ያለ አቀባይ ቁንጮ ያወጣ ከማሪ ያያችሁ እስቲ ንገሩኝ። ያርጋል፣ አንተ ታውቀዋለህ። አቀባዩ እኔ ነኝ። በረዶው ደግሞ ኮሶዬም፣ ዳባትም፣ ጊችም ወርዷል አሉ። እዚያስ የሻረው ማነው?"

"እዚያም አንድ አይጠፋም" አለ ያርጋል፤ ግን ድምፁ እንደ ቅድሙ አልነበረም።

ሁሉም ወደ ቄስ ገብረ ክርስቶስ ዞረ። 

"ደመናውን ከዋዜማው ጀምሮ የነገረኝ ሰው አለ፤ አልሰማሁትም" አሉ። "በረዶውን ማን እንዳመጣው የሚያውቅ ባለቤቱ ነው፣ እኔ አልፈርድም። በዓል መሻሩን ግን ሁላችንም አይተናል። ሁለታችሁም እስከ ገና ድረስ የፈረሰውን የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ትሠራላችሁ። ቀኖናችሁ ነው።"

ለአንዳንዱ ሰው ቅጣቱ አነሰው። ያርጋል እስከ ፋሲካ ሸጋውን ሰላም አላለውም፤ ሸጋውም አልፈረደበትም፤ የሰላምታ መነፈግን ከማንም የበለጠ ያውቀዋል።

በነቢያት ጾም ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ሰዎች የፈረሰውን ቅጥር ሠሩ። መንግስቴ ከታች ድንጋይ ያቀብላል፣ ሸጋው ከላይ ይደረድራል። ለመንግስቴ ትልልቁ እንዳይደርሰው ሸጋው አስቀድሞ እየመጣ ይለያል፤ መንግስቴም አይቶ እንዳላየ ይሆናል። እንዲሁ በዝምታ ብዙ ጠዋት አለፈ። ውርጩ ተመልሶ ነበር፤ ሸጋውም እንደ ልማዱ እየተነከሰ ያመሰግን ነበር።

አንድ ቀን መንግስቴ ድንጋዩን እንደያዘ ቆመ።

"ነገስ?" አለ።

ሸጋው ለእሱ የተባለ አልመሰለውም። ዘወር ዘወር ብሎ አየ፤ ከሁለታቸው በቀር ሰው የለም።

"ነገ ምን?"

"ሰማዩ። ገብሱን ልወቃ ነው።"

ሸጋው ቀና አለ። ከዳባት በኩል ቀጭን ደመና ተዘርግቷል፤ ክፉ ሊሆን ይችላል፣ ምንም ላይሆን ይችላል።  አይመጣም ቢለውና ቢመጣ፤ ይመጣል ቢለውና ቢቀር። የዚህ ሰው የዓመት እህል ለሁለተኛ ጊዜ በአፉ ላይ ተንጠልጥሏል። 

"አላውቅም" አለ በመጨረሻ። "ሊዘንብም ይችላል፣ ላይዘንብም ይችላል።"

ብሎ ሲጨርስ አፈረ፤ ያ የሬዲዮ ሰውዬ የሚለውን ነው ያለው። መንግስቴ ግን አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ራሱን ነቀነቀና ድንጋዩን ወደ ላይ ዘረጋለት።

"ያኔም እንዲህ ብትለኝ ኖሮ" አለ፣ "ግማሹን ነበር የማጭደው።"